ስምንት ሰዓት ከሃያ

የማታውቀው ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው ኤፍራታ የጭላሎን ጫፍ ልትጨርስ ሦስት ብሎክ ሲቀራት ነበር።

እውነተኛው ጭላሎ በመስኮቱ በኩል፣ በጥር ፀሐይ ጥርት ብሎ ይታያል። ይሄኛው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው። ኤፍራታና ሦስት ጓደኞቿ አሰላን በጨዋታ ውስጥ ብሎክ በብሎክ መሥራት ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ናቲ ዘጠነኛ ክፍል ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ የጋሪ ማቆሚያውን የሠራው እሱ ነው። ፈይሩዛ ባለፈው ክረምት አባቷ ሲዛወር ጢቾ ገብታለች፤ ገበያው የእሷ ነው። ኤቢሳ ከአያቱ ጋር ለመኖር ኢተያ ስለሄደ «ኮምባይነር በየዓመቱ ደጄ ላይ የማየው እኔ ነኝ» ብሎ የስንዴ ማሳውን ወሰደ። ተራራው ለኤፍራታ የደረሳት ጨዋታው የሚኖረው እሷ ቤት፣ በአባቷ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ነው። ሰርቨሩ ያለው ሰው ትልቁን ይመርጣል።

ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ቀድማ የምታየውም እሷ ናት። ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያየችው ስም ግን የማናቸውም አልነበረም። ሁለት የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ነው፤ ኬ ዜድ ዘጠኝ ይላል።

«ማነው ኬ ዜድ ዘጠኝ?» አለች። ሲጫወቱ በቴሌግራም በድምፅ ተያይዘው ነው።

«አና ሚቲ» አለ ኤቢሳ። «እኔ አይደለሁም፣ ስንዴዬ ውስጥ ነኝ።»

«እኔም አይደለሁም» አለች ፈይሩዛ። «ሰው ጨመርሽ እንዴ?»

«ማንንም አልጨመርኩም።»

ናቲ ዛሬ አልገባም። እንግዳው በገበያው መሀል አለፈ። ምንም አልነካም፣ ምንም አላፈረሰም። ሰላም ሲሉት አልመለሰም፤ ማነህ ሲሉት አልጻፈም። ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣና ኤፍራታ ከተራራው ሥር የሠራቻትን ትንሽ ቤት በር ከፍቶ ገባ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ቆመ። እሷም ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ቆመች። ጨዋታ መሆኑን ታውቃለች፣ ፊት የሌለው የብሎክ ሰው መሆኑንም ታውቃለች፤ ቢሆንም ጀርባዋን ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰባት ያህል ሰቀጠጣት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ።

ኤቢሳ ሳቀ። «ናቲ ነው አቦ። በሌላ ስም ገብቶ ሙድ እየያዘብን ነው።»

ኤፍራታም ልትስቅ ፈለገች። ጨዋታውን ዝቅ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ የተነካ ነገር እንዳለ ለማየት በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር ከፈተች። ከላይ አንደኛው «ባዮሎጂ 9ኛ አጋማሽ» ይላል። ከጎኑ ሐሙስ፣ 8፡20።

ክው አለች።

አባቷ ወንደሰን እዚያው እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። የዘጠነኛ ክፍልን ሁሉ የአጋማሽ ዓመት ፈተና የሚያወጣው እሱ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ሁሉም ሰው ይነካዋል ብሎ ስለማያምነው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። ቤት ውስጥ ማን ይነካበታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን ቤት ውስጥ ማስነሳት ቀላል ነበር። ከባዱ ኢተያና ጢቾ ያሉት እንዲገቡ ማድረጉ ነው። በቤቱና በኢንተርኔቱ መካከል ያለችው ነጭ ሳጥን፣ ራውተሯ፣ ከውጭ የመጣን ሁሉ ደጅ ላይ ትመልሳለች። ለጨዋታው ብቻ የምትሆን አንድ ጠባብ በር መክፈት እንደሚቻል ኤፍራታና ናቲ አንብበዋል፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሞክረው ግን አልሆነላቸውም። በኋላ አንድ ቪዲዮ አገኙ። ፊቱን የማያሳይ ልጅ «እምቢ ካላችሁ ይህችን አንዷን ቦታ ምልክት አድርጉባት፣ ሁሉም ይከፈታል» አለ። ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ካመጣ «እሱንም አጥፉት» አለ። አጠፉት። ሁሉም ተከፈተ። ኤቢሳ ከኢተያ ገብቶ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሲጽፍላቸው ሁለቱ እጅ ለእጅ ተማትተው ዘለሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ኤፍራታ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስክሪኑን ብቻ ታጠፋለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚቀየር አዲሱን ለቴሌግራም ግሩፓቸው መላክ የእሷ ድርሻ ነው፤ አሰላ ላይ ደግሞ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። አባቷ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም። እናቷ ሐመልማል ብትኖር ኖሮ ያኔውኑ ትነቃባቸው ነበር፤ እሷ ግን ለለቅሶ ዲክሲስ ከሄደች ሳምንቷ ነው።

አሁን ያቺ «ሁሉም ይከፈታል» የምትለው ቃል ጆሮዋ ላይ ደጋግማ ጮኸች። ሁሉም ከተከፈተ የፈተናውም ፋይል ተከፍቷል ማለት ነው።

አምና የኬሚስትሪ ፈተና ከቀኑ በፊት ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ነበር። ፈተናውን ያወጣችው መምህርት ተስፋነሽ ነበረች። እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እሷ ግን ከሥራ ታገደች። አንድ ሰሞን በትምህርት ቤቱ በር ስታልፍ ልጆች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩዋት ነበር። በኋላ በዚያ መንገድ ማለፉን ተወችው። አባቷ ያን ሰሞን እራት ላይ «ሰው አምኖ የሰጠህን ነገር ካልጠበቅህ ክፍል ውስጥ ምን ብለህ ትቆማለህ?» ብሎ የተናገረውን ኤፍራታ አልረሳችውም። አሁን ደግሞ የፈተናው ባለቤት ልጅ ራሷ የምትፈተነው ፈተና ነው። አባቷን ማን ያምነዋል?

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ከምሳ በኋላ ማለት ነው። ያን ሰዓት አባቷ ክፍል እያስተማረ ነበር። እሷም ክፍል ውስጥ ነበረች። አጠገቧ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነበር፤ ናቲ «ራሴን አሞኛል» ብሎ በምሳ ሰዓት ሄዷል። ናቲ ባዮሎጂ ከሃያው አራት ብቻ ያመጣ ልጅ ነው። ቪዲዮውን አብሯት ያየ፣ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ሳይቀር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

በስልኳ ስክሪኑን ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የራውተሯን ገመድ ነቀለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ! ወዲያው ደግሞ ስልኳን አንስታ፣ በሞባይል ዳታ፣ አንድም ቃል ሳትጽፍ ናቲን ከግሩፑ አስወጣችው።

አባቷ ዳቦና ሙዝ ይዞ ገባ። እራት በልተው ሲጨርሱ የተማሪዎቹን ደብተር ማረም ጀመረ፤ እሷ ዕቃ እያጠበች በቀይ እስክሪብቶው ወረቀት ሲፈቀፍቅ ትሰማዋለች።

«ይህን ስሚማ» አለ እየሳቀ። «‹ልብ አራት ክፍል አለው መሰለኝ።› መሰለኝ! ሰውዬው በሕይወት ያለው በመሰለኝ ነው?»

ይህ የቆየ ቀልዱ ነው። ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ «መሰለኝ» ካለ «መሰለኝን ቤትህ አስቀምጠህ ና» ይለዋል። ልጆቹ ቲቸር መሰለኝ የሚሉት ለዚሁ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። ኤፍራታ ሳትስቅ ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች።

«ኢንተርኔት የለም እንዴ?» አለ ስልኩን እያየ።

«ጠፍቷል» አለች ፊቷን ሳትመልስ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ናቲን ቤቱ አጣችው። እናቱ «ከአባቱ ጋር ነው» ብለው ወደ ጎሚስታው ላኳት። የናቲ አባት ጋሽ እንደሻው ወደ ኢተያ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናሉ። ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር። ናቲ ከአንድ አይሱዙ ጎማ ጋር እየታገለ፣ እስከ ክርኑ ድረስ ጠቁሮ አገኘችው። ጋሽ እንደሻው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ እንደሻው? እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ቸርኬ፣ የጎማው ብረት፣ በላኝ ልጄ። ረቡዕ ማታ። ይኸው ናትናኤል ነው እጄ የሆነው» አሉ። ቀጥለው ግራ እጃቸውን ወደ ሳፋው ዘረጉ። «ከመነዳሪውን ውኃ ውስጥ ክተተው እንጂ! ቀዳዳ በዓይን ሲያዩት አይገኝም፤ ውኃ ውስጥ ስትከተው ራሱ ይናገራል።»

ናቲ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ያን ጥቁር ከመነዳሪ፣ ሳፋው ውስጥ አስገባና በሁለት እጁ ጫነው። ከአንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየር ወጣ። ቦታውን በጠመኔ ከብቦ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ኤፍራታ መጣ። ከአባቱ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ከግሩፑ ማን እንዳስወጣኝ ሳስብ ነው ያደርኩት» አለ።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«አሞኝ...» አለና ወደ አባቱ አየ። «እሺ፣ አላመመኝም። እዚህ ነበርኩ። ጎማ ሊያስጠግን የመጣ መኪና ሁሉ እየተመለሰ ነበር። ለቲቸሮቹ ብናገር ደግሞ አባዬን ይጠሩታል። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ምንድነው እንደ ፖሊስ የምትመረምሪኝ?»

ኤፍራታ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ እንግዳው፣ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ናቲ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየች። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ።

«እኔ መሰልኩሽ?»

ኤፍራታ ስልኩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«አራት ስላመጣሁ ሌባ ነኝ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ስልኩን ከእጇ ወሰደና ፎቶውን በሁለት ጣቱ አጎላው። ጥቁር አሻራ መስታወቱ ላይ ቀረ። «እነዚህን ትንንሽ ፊደሎች አይተሻቸዋል?»

ከ8፡20 ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደሎች ነበሩ። ኤፍራታ ደጋግማ አየቻቸው። ኤ ኤም ይላሉ፤ ጠዋት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስልኳን ባየች ቁጥር ስድስት መቀነስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ልማዷ ነው፤ ለማሰብ እንኳ አትቆምም። ዓርብ ግን ፍርሃት ሒሳቡን አስረስቷት ቁጥሩን እንዳለ አነበበችው። ስምንት ሰዓት ከሃያ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው።

«ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ሒሳብ እየተማርን ነበር» አለ ናቲ። «አጠገብሽ። ማስመሪያዬን የሰበርሽብኝ ያኔ ነው።»

እውነቱን ነው። የተሰበረው ግማሽ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ኤፍራታ መሬት መሬት አየች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ በሩን የከፈተችው እሷ ሆና ጓደኛዋን ጠረጠረች።

«ናቲ፣ ይቅርታ። የምሬን ነው።»

«እሱን በኋላ እናወራለን» አለ። ቂሙ ከድምፁ አልጠፋም፤ ግን አልሄደም። «እኔ ካልሆንኩ ማነው ታዲያ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃቷ መልክ ነበረው፤ የናቲ መልክ። ይሰደባል፣ ይለመናል፣ ፋይሉን አጥፋው ይባላል። አሁን ያ መልክ ጠፋና ባዶ ቦታ ተተካ። ሐሙስ ጠዋት ፈይሩዛና ኤቢሳም ትምህርት ቤት ናቸው። የቀረው የማያውቁት ሰው ነው፤ ከየትኛው አገር እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ስንት ጊዜ ቤታቸው ገብቶ እንደወጣ የማይታወቅ።

«ወይም አባትሽ ነው» አለ ናቲ። «ሐሙስ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የለውም መሰለኝ። ራሱ ከፍቶት ከሆነስ?»

«ይሆናል።»

«ጠይቂዋ።»

«ምን ብዬ? ለምን ጠየቅሽ ቢለኝስ?»

ናቲ ትከሻውን ሰበቀ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለች እናቴ። ለአንድ የብሎክ ጋሪ ማቆሚያ ብለን!» ከዚያ ወደ ሳፋው ተመለሰ። ከመነዳሪው ላይ በጠመኔ የተከበበችው ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም።

እሑድ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አርባውን ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ኤፍራታ ከኋላው ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ ከፍታ፣ አንድ መስመር ሳታነብ ቆየች። ስክሪኑን ላለማየት አንገቷን ደፍታለች።

ምናልባት እሱ ራሱ ነው የከፈተው። ያ ከሆነ ምንም አልተፈጠረም፤ ራውተሯ ተነቅላለች፣ ሰኞ ያልፋል፣ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። እሱ ካልሆነ ግን ነገ ጠዋት ፈተናው ከመታደሉ በፊት የአንዱ ልጅ ስልክ ላይ ይወጣል። ከዚያ አባቷ በዚያ የትምህርት ቤት በር ሲያልፍ ልጆች ስልካቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ጨረስኩ» አለ አባቷ እጆቹን ወደ ላይ እያፍታታ። «ፍላሹን አቀብይኝ። ርዕሰ መምህሩ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬውኑ እናባዛዋለን።»

ፍላሹ መደርደሪያው ላይ፣ በእጇ ልክ ነበር። አነሳችው። አልሰጠችውም።

«አባዬ፣ ሐሙስ ጠዋት ይህን ፋይል ከፍተኸው ነበር? ሁለት ሰዓት ከሃያ አካባቢ።»

አባቷ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና አሰበ። «ሐሙስ... ሐሙስ የምገባው ዘግይቼ ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ። አንድ ጥያቄ አስተካክያለሁ፤ ወይስ ረቡዕ ነበር? ለምን ጠየቅሽ?»

ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። እሱ ነው። እሱ ነው መሰለኝ አለ። አሁን «እንዲሁ ነው» ብላ ፍላሹን ብትሰጠው ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። እጇንም ዘርግታ ነበር። እሱም ሊቀበላት ዘርግቷል።

መሰለኝ።

ክፍል ውስጥ የማይቀበላትን ቃል ነው የሰጣት። ልብ አራት ክፍል አለው መሰለኝ ብሎ የጻፈውን ልጅ ደብተር በቀይ ሲያሰምርበት ሰምታለች። አርባ ጥያቄ እንደ አዲስ ለማውጣት ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃለች፤ የቀረው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያያትም ገመተች። ፈራች፤ ከዓርብ ይልቅ አሁን ፈራች።

ጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ ገመዷን አስከትላ ነጯን ሳጥን አወጣች። አቧራዋን በቀሚሷ ጠርጋ አባቷ ፊት፣ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ፍላሹን ኪሷ ከተተችው።

«ገና አታባዛው» አለች፣ በርጩማውን ወደ እሱ እየጎተተች። «መጀመሪያ ስለዚህች ሳጥን ልንገርህ።»

አባቷ ሳጥኗን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ርዕሰ መምህሩን «ትንሽ እቆያለሁ» አለውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።